ዳና ብርማ የቀባቸው ብሎኖች

ውዴ ጳውሎስ፣

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ጊፋታ፣ ሁለተኛው አዲስ ዓመታችን፣ አለፈ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከጌታ ጋር እንዳለህ አምናለሁና በዚያ በኩል አልሰጋም። የምጽፍልህ እዚህ ትተኸው ስለሄድከው ነገር ነው። ቀደም ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ቁጣዬ እየቀደመኝ ተውኩት። አሁን ትንሽ በርዶልኛል።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሕይወት እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ከቤት እየተመላለሰች ነው የምትማረው። አረማመዷ ካንተ ቁርጥ ነው፣ እልኳም እንደዚያው። በደጃችን ኮብልስቶን ተነጠፈ። ክረምት በመጣ ቁጥር ያንን ጭቃ ስትራገም የኖርክ ሰው፣ ይህን ሳታይ መሄድህ ቆጨኝ። ጋራዥህን የባጃጅ ማሳደሪያ እናድርገው ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ እምቢ አልኩ። ዛሬም በሩን ስከፍተው አቼቶ አቼቶ ይሸታል። በነበርክበት ጊዜ እንዴት አማርርህ እንደነበር ታውቃለህ፤ አሁን ግን አንዳንዴ ያለ ሥራ ገብቼ ቆም እላለሁ።

አሮጌዋን ቮልስ መኪና ከሁምቦ ተበላ ከተማ ያመጣንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ጡረታ የወጡት መምህር ግቢ፣ ግራር ሥር ለዓመታት ቆማ ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ስትጥልባት ነበር ያገኘናት። አንተ በተከራየኸው አይሱዙ እየጎተትክ፣ እኔ መሪ ይዤ፣ ዳገቱን ሁሉ ስጸልይ ነው የወጣሁት። ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ገዛ ብሎ ሲስቅብህ አንተ ግን የሁምቦ ደረቅ ሙቀት ብረቷን ከዝገት አድኖልኛል እያልክ ደስ ብሎህ ነበር። ከሥሯ ገብተህ የደረቀውን ግራሶ ስትፍቅ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ግራጫ መልኩን ያልለቀቀ አንድ ብሎን አገኘህ። ወጡ እያረረብኝ ነው ብልህም አልሰማኸኝም፤ ከማጀት ጎትተህ አመጣኸኝና አሳየኸኝ። እኔ ያየሁት አንድ ደብዛዛ ብሎን ነበር። ወጡም አረረ።

አዲስ አበባ በቆዩ መኪኖች ውድድር ላይ ያየሃቸውን ዳኞች ደጋግመህ ታወራልኝ ነበር። የእጅ ባትሪ ይዘው ከመኪና ሥር ይገባሉ፤ የሚፈልጉት ግን ውበት አይደለም። ድሮ ክሮም የነበረው ክሮም፣ ድሮ ደብዛዛ የነበረው ደብዛዛ መሆኑን ነው የሚያዩት። ከድሮው አብልጦ ያብረቀረቀ ነገር ነጥብ ያስቀንሳል አልከኝ። ነጥብ ለማግኘት ብሎ ብረት የሚያደበዝዝ ሰው አገባሁ ብዬ ሳቅኩብህ። አንተም ሳቅህ፤ ሥራውን ግን አልተውክም።

ከሰፈር የተጣሉ ባትሪ ድንጋዮች ትለቅምና የዚንክ ቅርፊታቸውን አቼቶ ውስጥ ትዘፈዝፍ ነበር። ከዚያ ከመኪና ባትሪ በሽቦ አገናኝተህ ብሎኑን እዚያው ውስጥ ታንጠለጥለዋለህ። ሽቦውን የምይዝልህ እኔ ነበርኩ። ብሎኑ ቀስ እያለ ያንን ግራጫ ሲለብስ አንተ ትንፋሽህን ውጠህ ታየዋለህ፤ እኔ ደግሞ አንተን አይሃለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ብሎኑን፣ ሮንዴላውን፣ የፓራውልቱን መያዣ፣ የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ጨረስን። የቀረው ገጥሞ ለውድድሩ ማድረስ ነበር።

ከዚያ ታመምክ። አንተ ኦፕራሲዮን ሆነህ፣ እኔ ካጠገብህ ሳልነሳ ሆስፒታል ሳለን ጊፋታ ደረሰ። ታናሽ ወንድምህ ዳና የበቆሎ ንግዱን ትቶ ከቤሌ መጣ። ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ፣ በአዲስ ዓመት፣ ያረጀ ቤት አይገባም ብሎ ግድግዳውን ቀባ፤ የግቢውን በር ብርማ አደረገው። ቀለሙ ተረፈው። ጋራዥ ሲገባ ጆንያ ላይ የተደረደሩትን ግራጫ ብረቶች አየ። ወንድሜ ሳይጨርሳቸው ነው ሕመም የጣለው ብሎ አዘነ። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ ብርማ ቀባቸው።

ስንመጣ የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆሞ ነበር። ፊቱን ዛሬም አልረሳውም፤ ተባረክ እስክትለው የሚጠብቅ ፊት ነበር። አንተ አየህ። ገረጣህ። ከእንግዲህ እጅህ የኔን ነገር እንዳይነካ፣ አልከውና ወደ ጓዳ ገባህ። በሬው ታርዷል፣ ሥጋው ቀርቧል፤ ዳና ግን አንዲት ሳይቀምስ በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቤሌ ተመለሰ።

ድካምህ ገብቶኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያንን ቀለም በቲነር ስታስለቅቅ፣ ከሥሩም ሥራህ አብሮ ሲነሳ አይቼ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ጳውሎስ፣ በሚቀጥለው ጊፋታ ሽማግሌዎቹ ዳናን ይዘው መጡ። ተጣልቶ ዓመት መሻገር በኛ ዘንድ ነውር መሆኑን አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ፤ ስንቱን ሰው ሄደህ አስታርቀሃል። ዳና አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ውድድሩ ይለፍና ያኔ እንነጋገራለን አልካቸው። ሽማግሌዎቹ ለመኑህ፣ እኔም ለመንኩህ። ውድድሩ ይለፍ አልክ። ውድድሩ ሳይደርስ አንተ አለፍክ።

በቀብርህ ዳና ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር የቆመው። አፈር ሊያለብስህ እንኳ አልቀረበም፤ ያንተን ነገር አትንካ ተብሏላ። እንባም አልወጣው። ከለቅሶው በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤሌ እየመጣ ጋራዡ ደጃፍ ይቀመጥ ጀመር። ግባ እስክለው ድረስ አልገባም። ከገባ በኋላ አሳዪኝ አለኝ። ቲነሩን፣ አቼቶውን፣ ባትሪ ድንጋዩን፣ ያየሁትን ሁሉ አሳየሁት። እሱ ብሎኑን ይነክራል፣ እኔ ሽቦውን እይዛለሁ። እንዳንተ ፈጣን አይደለም፤ ያበላሸውን እየደጋገመ ይሠራል። ሕይወት ሻይ ታመጣልናለች።

ጊፋታ ሳይደርስ መኪናዋን ጭነን አዲስ አበባ ለውድድሩ ይዘናት ሄድን። ዳኛው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ባትሪያቸውን አብርተው ከሥር ገቡ፤ ቆዩ። ሲወጡ ይህ የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ። የወንድሜ ነው፣ ሞቷል አላቸው ዳና። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ፤ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ዳና ግን እባክዎ ይምጡ ብሎ ወደ ግራው በር ወሰዳቸውና፣ ማጠፊያው ውስጥ ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ላይ የቀረች ብርማ ቀለም አሳያቸው። እሳቸው አላዩዋትም ነበር። በክርኔ ጎሰምኩት፤ አልሰማኝም። ይሄን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ እንዲህ አይሠራም አላቸው።

ዳኛው ጎንበስ ብለው አዩ። ነጥብ ታስቀንሳለች አሉ፣ ቀነሱም። ከዚያ ቀና ብለው የዳናን ትከሻ መታ መታ አደረጉና፣ ትንሽ ነገር ነው ልጄ፣ ለክፋት አላደረግከው አሉት። ዳና እዚያው በሰው መሐል ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እስኪበቃው ከጎኑ ቆምኩ። ሦስተኛ ወጣን፤ ሽልማቱን ሲቀበል እንኳ ዓይኑ ገና ቀይ ነበር።

ለክፋት አላደረግከው የምትለዋን ቃል አንተ ነበርክ ልትለው የሚገባህ። አንድ የማያውቀው ሰው ካፍህ ወስዶ ተናገራት። ሁለት ዓመት ያህል በየቅዳሜው ከቤሌ የተመላለሰው ለመኪናዋ አልነበረም፤ እዚያ ቆሜ ሲያለቅስ ሳየው ነው የገባኝ።

ዘንድሮ ጊፋታን ከእኛ ጋር ዋለ፣ በላም። ሽማግሌዎቹ በባልሽ ፋንታ ለእርቅ እጁን ያዢው አሉኝ፣ ያዝኩት። እጄ ግን ያንተን እጅ አይሆንም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አስታውስሃለሁ ጳውሎስ። ሕይወት ስላንተ ስትጠይቀኝ ስለ ትዕግሥትህና ስለ እጅህ እነግራታለሁ፤ ወንድምህን ሳትታረቅ መሞትህንም እነግራታለሁ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጬ ብነግራት፣ የምታውቀው አባት አንተን አይሆንም። እኔ የወደድኩህ ከነእልህህ ነው፤ እስክንገናኝም ከነእልህህ አስብሃለሁ።

ባለቤትህ አልማዝ