ኡስታዝ ዋሲፍ ረምዚ፣ የሆስፒታሉ ቴፕ ጠባቂ

በግብፅ ወግ ለተማረ ሰው በሚሰጠው የክብር መጠሪያ «ኡስታዝ» የሚባሉት ዋሲፍ ረምዚ ባሲሊ ከአባታቸው ከአቶ ረምዚ ባሲሊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዛሂያ ሹክሪ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1944 በላይኛው ግብፅ፣ በጣህጣ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር መጋዘን ጸሐፊ ነበሩና ወደ እስክንድርያ ሲዛወሩ ቤተሰቡም አብሮ ሄደ። ኡስታዝ ዋሲፍ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ያደጉት በሙሐረም ቤክ ሰፈር ነው።

በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1965 ለውትድርና ተጠሩ። በአጭር ጊዜ ተመልሰው እንደሚመጡ ለእናታቸው ነግረው የሄዱበት ግዳጅ ጦርነት እየተደራረበበት ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው። ሲመለሱ እናታቸው አርፈው ነበር።

በ1975 በከተማው በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕሙማን ፋይል ክፍል ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወይዘሮ ናርጂስ ፋዪዝን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ልጃቸውን ረምዚን በ1978፣ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ልጃቸውን ኢሪኒን በ1980 ወለዱ።

ኮምፒውተር ወደ ሆስፒታሉ የገባው በ1984 ነው። የሕሙማኑ ታሪክ ከወረቀት ወደ ማሽን ሲዛወር፣ ማሽኑ ቢበላሽ ሁሉም እንዳይጠፋ በየቀኑ ግልባጩ በቴፕ ይቀዳ ነበር። ቴፖቹን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ኡስታዝ ዋሲፍ ተመረጡ። ለእያንዳንዱ ቴፕ ቁጥር ሰጡ። የዕለቱ ቴፕ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይቀዳበታል፤ የወሩ ቴፕ ግን ፈጽሞ አይነካም። የሐሙሱ ቴፕ፣ ሆስፒታሉ ቢቃጠል እንኳ እንዲተርፍ፣ ቪክቶሪያ አካባቢ ወዳለው ቅርንጫፍ ክሊኒክ ይሄዳል። ይህንንም ራሳቸው በትራም ያደርሱ ነበር። ቦርሳውን ከጉልበታቸው አውርደው ወለል ላይ አያስቀምጡም፤ ከወለሉ ሥር ያለው ሞተር ቴፑን ይጎዳዋል ብለው ይሰጉ ነበር። ከሁሉ በላይ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የተቀዳ ቴፕ ተመልሶ ሳይነበብ አይታመንም።

በ1991 ኢንጂነር ኢግላል የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ወደ ክፍሉ መጣች። ቴፕ አጫጫኑንም፣ አነባበቡንም፣ መዝገብ አያያዙንም ያስተማሯት ኡስታዝ ዋሲፍ ናቸው። ፈጣን ተማሪ ነበረች። በ1996 የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ሲለቀቅ ኡስታዝ ዋሲፍ እንደሚሰጣቸው አልተጠራጠሩም። መንሺያ ሰፈር ከሚገኝ ልብስ ሰፊ ግራጫ ሙሉ ልብስ አሰፉ። ወይዘሮ ናርጂስም ዳክዬ አረዱ። ሹመቱ ለኢግላል ሆነ። ልብሱ ሳይለበስ ቁም ሣጥን ገባ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የተጻፈው በራሳቸው በኡስታዝ ዋሲፍ ትእዛዝ ነው። «የማይነገረውን ዘለሽ የሚነገረውን ብቻ እንዳትጽፊ» ብለው ልጃቸውን አስምለዋታል።

ኡስታዝ ዋሲፍ በኢግላል ቀኑ። አብረዋት ሻይ መጠጣት ተዉ። ሐኪም በበሩ ሲያልፍ አስቀድሞ ማንን ሰላም እንዳለ ይቆጥሩ ጀመር። ሳቋ ከአገናኝ መንገዱ ሲሰማ በራቸውን ይዘጉ ነበር። ቤት ገብተውም ቅናቱ አልተዋቸውም፤ ምን እንዳለች፣ ምን እንደለበሰች፣ ዳይሬክተሩ እንዴት እንዳሞገሳት ከሾርባው እስከ ፍራፍሬው ድረስ ይተርካሉ። አንድ ቀን ወይዘሮ ናርጂስ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «አንተ ሰው፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ይቺን ልጅ ገበታ ላይ ሳታስቀምጣት ብላ» አሏቸው።

ጥቅምት 3 ቀን 1999 ኢግላል ያስመጣችው አዲስ የቴፕ ማሽን ሥራ ጀመረ። በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ኡስታዝ ዋሲፍ ቴፑን ይዘው ከመውጣታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው መልሰው አነበቡት። የፋይሎቹ ስም ተራ በተራ ወጣ። ፋይሎቹ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። የቀደሙትን አራት ቀን ቴፖችም አዩ፤ ሁሉም ያው ነው። ማሽኑ ስም ይጽፋል እንጂ ታሪክ አይጽፍም።

ኢግላል ያለችው ከእሳቸው ክፍል ሦስት በር አልፎ ነበር። ተነሥተው እስከ በሯ ሄዱ። በውስጥ ከዳይሬክተሩ ጋር ስለ አዲሱ ማሽን እየተሳሳቀች ነበር። ተመለሱ። በወሩ መጨረሻ ዓመታዊ ፍተሻ አለ፤ ያን ጊዜ ራሱ ዳይሬክተሩ ይየው አሉ በልባቸው። መዝገቡ ላይ «ተነብቧል» ብለው ፈረሙ። ሁለት ሐሙስ ባዶነታቸውን የሚያውቋቸውን ቴፖች ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በትራም ተጓዙ።

ፍተሻው አልደረሰም። ጥቅምት 21 ቀን ጠዋት የዋናው ማሽን ዲስክ ተበላሸ። የአዲሱ ማሽን ቴፖች ሁሉ ባዶ ሆነው ተገኙ። ኡስታዝ ዋሲፍ በአሮጌው ማሽን የተቀዳውን የመጨረሻ ቴፕ ከቪክቶሪያ አመጡና የሆስፒታሉ መዝገብ ተመለሰ፤ ሃያ ቀን ጎድሎት። ኢግላል ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ በስብሰባ ፊት ቆመች፤ «ተነብቧል» ስለሚለው ፊርማ ግን የጠየቀ አልነበረም። እሷ ከቦታዋ ተነሣች፤ ኡስታዝ ዋሲፍ ተመስግነው በወንበሯ ተቀመጡ። ግራጫው ልብስ ከተሰፋ ከሦስት ዓመት በኋላ ተለበሰ።

ቅናታቸው ግን ከወንበሩ ጋር አብሮ ተቀመጠ እንጂ አልወጣላቸውም። ኢግላል የጠፉትን ቀናት ከነርሶች ደብተር እየለቀመች በእጇ መልሳ ማስገባት ጀመረች። ነርሶቹ ሻይ ያፈሉላት ነበር። ለአዲሱ ኃላፊ ማንም አላፈላላቸውም።

በጥር ወር ሃኔም የምትባል የራሺድ ከተማ ሳርዲን ነጋዴ ሚስት ታማ መጣች። በጥቅምት የተወጋችው መርፌ እንዳልተስማማት የተጻፈው ከጠፉት ቀናት በአሥራ ሦስተኛው ላይ ነበር። ኢግላል የደረሰችው አሥራ አንደኛው ላይ ነበር። መርፌው ዳግመኛ ተሰጣት። ስምንት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ቆይታ ተረፈች። ኡስታዝ ዋሲፍ በየቀኑ ወደ ክፍሏ እየሄዱ በበሩ መስተዋት ያዩዋት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ዓይኗን ስትገልጥ ቀጥታ ወደ ኢግላል ሄዱ።

«ቴፖቹ ባዶ መሆናቸውን አውቅ ነበር» አሏት። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አውቅ ነበር።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ቀንቼብሽ።»

ኢግላል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ኡስታዝ ዋሲፍ፣ ሳይነበብ አይታመንም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ሳላነብ ያመንኩት እርስዎ ስለሚያነቡ ነው።»

ይቅርታ አድርጌያለሁ አላለችም። ለእኔ የነገሩኝን ለዳይሬክተሩም ይንገሩ ብቻ አለቻቸው። ነገሩ። ማዕረጋቸው ዝቅ ብሎ ወደ ቴፕ ክፍል ተመለሱ፤ እሷም ወደ ቦታዋ። ወደ ራሺድ ሄደውም ሃኔምን በባሏ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ባሏ ግን ቤት እንዲገቡ አልፈቀደላቸውም።

ከዚያ በኋላ ኡስታዝ ዋሲፍ አንብበው የፈረሙበትን ቴፕ ሁሉ ኢግላል እንደገና አንብባ ከፊርማቸው ጎን ትፈርም ነበር። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆነ። በሰኔ 2003 አንድ ሐሙስ ግን ከፊርማቸው ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ኢግላል መዝገቡን መልሳ «ትራሙ ሳያመልጥዎ ይሂዱ» አለቻቸው። ኡስታዝ ዋሲፍ ይህን ለባለቤታቸው እየነገሩ እንባቸው ወረደ። ያ ቀን ኢሪኒ በፋርማሲ ትምህርት በማዕረግ መመረቋ የታወቀበት ቀን ነበር። አባቷ ስለ ውጤቷ የጠየቋት ከእራት በኋላ ነው። ኢሪኒ ያን ቀን እስካሁን ድረስ አልረሳችውም።

በ2004 በጡረታ ተሰናበቱ። በ2017 ባለቤታቸው ወይዘሮ ናርጂስ በሞት ተለዩዋቸው። በ2020 መጨረሻ የሳንባ ሕመም ጠናባቸው። ኢግላል በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቃቸው ነበር። እሷ ስትመጣ ይቀመጣሉ፤ ስትሄድ ይተኛሉ። ኢሪኒ ሌሊት ከቀን ስታስታምም አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ቀና ብለው አልተቀመጡላትም።

ይህን ታሪክ በሚያስጽፉበት ጊዜ ከሚተርፉት ወገኖቻቸው ጋር ኢግላልንም እንድትጽፍ ኢሪኒን ጠየቋት። ኢሪኒ እስክሪብቶዋን ወረወረች። «አባባ፣ እሷ ምናችን ሆና ነው ከእኛ እኩል የምትጻፈው?» አለች።

ኡስታዝ ዋሲፍ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ» አሉ፣ «አንቺም እንደ እኔ ልትሆኚ ነው?»

ኡስታዝ ዋሲፍ ረምዚ የካቲት 18 ቀን 2021 በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በቤታቸው አረፉ። ከኋላቸው ልጃቸውን ረምዚን፣ ልጃቸውን ኢሪኒን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም የሥራ ባልደረባቸውንና ተማሪያቸውን ወይዘሮ ኢንጂነር ኢግላልን ትተዋል። የወይዘሮ ኢግላልንም ስም እዚህ የጻፈችው ኢሪኒ ናት።

የሰውን ልብ የሚያነብ ጌታ የአባታችንን ነፍስ ቅናት በሌለበት አገር፣ ከደጋግ አገልጋዮቹ ጋር ያሳርፍልን። በሕይወት ላለን ለእኛም ልቡና ይስጠን።