ያዳንኳት ፍየል

ቆቦ፣ ሐሙስ ጥር 14

እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ፤ የደሙ ሽታ ግን አልለቀቀኝም።

የመጀመሪያ ዕርዳታ መምህራችን ሐኪም ቤት በሌለበት በረሃ ደም እንዴት እንደሚቆም ሊያሳየን ወደ ደረቁ ወንዝ ይዞን ወረደ። ከጎብዬ ገበያ የገዛትን ፍየል አስያዘና የኋላ እግሯን በምላጭ ሸረከተው። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። እንደ ሰው ጮኸች።

"አንቺ! ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው ቢሆን እኮ አልቆለታል!" ብሎ አምባረቀብኝ።

ሻርፔን ከአንገቴ መንጭቄ ከቁስሉ በላይ አሰርኩት፤ እንጨት አስገብቼ ጠመዘዝኩት። ደሙ ቀጥ አለ። ፍየሏ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች።

"ጎበዝ፣ አተረፍሻት" አለኝ መምህሩ።

ወዲያው የክፍል ጓደኞቼ ሰዒድና ኃይሉ ፍየሏን "እኔ ነኝ የማርዳት" በሚል ተናነቁ። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ዕጣ ጣሉ፤ ለሰዒድ ወጣ።

"አሁን ገና እኮ ነው ያዳንኳት!" ብዬ ጮህኩ።

"አላህ ይስጥሽ፤ ሞታ ቢሆንማ ጥንብ ነበረች፣ ማን ይበላታል?" አለና ቢስሚላህ ብሎ እዚያው ጭኔ ሥር አረዳት።

ቆዳዋን ሲገፍፉ ሻርፔ እግሯ ላይ ነበር። ቋጠሮው ትንሽ እንኳ አልላላም።

ርቦኝ ነበር። እኔም በላሁ።