ከአማቼ ጋር እሳት መጎተት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

መረብ ስጠግን ዋልኩ። የሽሪምፕ ማጥመጃው ወቅት ሊከፈት ነው። ቄሱ ጀልባዎቹን ሲባርኩ ዩሊስ ጀርባውን ሰጠኝ... ጸበል እየተረጨ እንኳ! ሚስቴ ኦዲል "ወንድሜ ነው፣ ቀድመህ ሰላም ብትለው ምን ትሆናለህ?" አለችኝ። ልጃችን የተዳረች ዕለት እሱ የሠራውን ጋምቦ ወጥ "የሳህን እጣቢ" ብዬበት፣ ከዚያ ወዲህ ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም። እውነት ተናግሬ እኔው ጥፋተኛ?

ዓርብ፣ ግንቦት 13

ባህሩ ላይ የነዳጅ ጉድጓድ ፈነዳ። ድፍድፉ ዘይት ወደ ረግረጉ እየመጣ ነው። የሽሪምፕ ግልገሎች የሚያድጉት እዚያ ሳሩ ሥር ነው... ከገባ አለቀልን። ወቅቱም ተዘጋ። ኦዲል አለቀሰች። እኔም ሞተር ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

እሁድ፣ ግንቦት 15

ከቅዳሴ በኋላ ስልጠና። የነዳጁ ኩባንያ ዘይቱን ለማቃጠል ጀልባዎቻችንን ተከራይቷል። አሰልጣኙ ሃስኬል ይባላል፤ ቀጭን፣ ችኩል ሰው። ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን ሆኖ እሳት የማይበላው ተንሳፋፊ አጥር ይጎትታል፤ አጥሩ እንደ ፈረስ ኮቴ ይጎብጣል። ዘይቱ መሀል ላይ ተጠራቅሞ ሲወፍር ይለኮሳል። ከሳሳ አይነድም። ሰንብቶ ከውሃ ጋር ከተለወሰም አይነድም። ስለዚህ ቸኩሉ፣ ግን ቀስ ብላችሁ... ይሄ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

በጀልባ መጠን አጣመረን። የእኔን የሚያህል ጀልባ ያለው ማነው? ማን ይሆናል እንግዲህ...

ሰኞ፣ ግንቦት 16

ውርደት።

አጥሩ ሲከብድ ፍጥነት ጨመርኩ። መረብ ሲከብድ ሌላ ምን ይደረጋል? አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ዩሊስም በወዲያኛው ጫፍ ጨመረ። ዘይቱ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ሄደ። ሃስኬል በሬዲዮ "ኧረ ሽሪምፕ አይደለም! ከሰው እርምጃ በታች!" እያለ ጮኸ።

አንዱ ሲቀንስ ለሌላው መናገር አለበት። እኔ? ለዩሊስ? ቤት ያለችውን ኦዲልን በሬዲዮ ጠራኋት።

"ወንድምሽን ቀንስ በይው።"

"ዩሊስ፣ ክሎቪስ ቀንስ ይልሃል።"

"መጀመሪያ እሱ ይቀንስ በይው።"

"መጀመሪያ አንተ ቀንስ ይልሃል።"

ሃስኬል መሀል ገብቶ "ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማናት?" አለ። ዘይቱ ይሾልካል...

ማክሰኞ፣ ግንቦት 17

ጠዋት ኦዲል የቤቱን ሬዲዮ ነቅላ ጎረቤት ሄደች። "ወይ አውሩ፣ ወይ ረግረጉን ቅበሩ!" አለችና በሩን ደረገመችው።

ሃስኬል "ዛሬ ካልነደደ ነገ አይነድም" አለን። ጎተትን። ዘይቱ ወፈረ፣ አጥሩ ከበደ። ፍጥነት ልጨምር እጄን በላኝ፤ ግን ቻልኩት። ከማዶ የዩሊስ ጭስ ማውጫ ሲጠቁር አየሁ። ሊጨምር ነው! ሬዲዮኑን አነሳሁ።

"ዩሊስ! ቀስ በል፣ አንተ በሬ!"

ያ ሁሉ ዓመት ኖሮ ኖሮ የመጀመሪያው ቃሌ ይሄ ይሁን?

"...በሬ ራስህ። ቀንሻለሁ። ወደ ግራ ሳብ።"

"ሳብኩ።"

"ቀስ።"

"እሺ።"

ለኳሾቹ ችቦ የታሰረበትን የናፍጣ ጄሪካን ዘይቱ ላይ ጥለው ሸሹ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቦግ! ከሩቅ ፊቴን ለበለበኝ። ባህር ሲቃጠል አይቼ እልል እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር... አልኩ። ዩሊስ በሬዲዮ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

"ታለቅሳለህ እንዴ?"

"ጭሱ ነው" አለ። ጭሱን ነፋሱ ወደ ሌላ ወስዶታል።

እሁድ፣ ግንቦት 29

ዘይቱ ረግረጉ አልገባም። ጠዋት ሄጄ አየሁ፤ ግልገሎቹ ሳሩ ሥር ይፈናጠራሉ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ማታ ዩሊስ ለእራት መጣ። ድስት ይዞ... ጋምቦ። ገና አፌን ሳልከፍት ኦዲል ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ቀመስኩ። አልተሻሻለም። ምንም! ዩሊስ አፍ አፌን እያየ "እንዴት ነው?" አለ።

"ጨምርልኝ" አልኩት።