ጠበል ያጠበው ገጽ

ልጄ ሥዩም፤

በሰባት ዓመቴ ከአንኮበር አፋፍ ላይ ለየኔታ ተሰጠሁ። ቁራሽ ስለምን ውሾች አራት ቦታ ነከሱኝ፤ ጠባሳውን አንተም በልጅነትህ በጣትህ እየነካህ ቆጥረኸዋል። ዜማ በሳትሁ ቁጥር አርጩሜ ጀርባዬ ላይ አረፈ። በኅዳር ውርጭ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአንዲት ደበሎ ተኛሁ። መሪጌታ ከተባልሁ በኋላ በማሕሌት ቆሜ ስኖር ጉልበቴ አለቀ። እናትህን ገና ጠጉሯ ሳይሸብት ቀበርሁ። ሞራ ዓይኔን ጋርዶት በቢላ ተገፈፈ። በዚህ ሁሉ እግዚአብሔርንም ሰውንም «ለምን» ብዬ አልጠየቅሁም። ማጉረምረም የሰነፍ ዜማ ነው ብለው ያሳደጉኝን መምህር አላሳፈርሁም።

ይህን የምዘረዝርልህ እንድትደነቅብኝ አይደለም። ያን ሁሉ የቻለ ሰው አንድ የትምህርት ቤት ደብተር መቻል አቅቶት ከወንበር ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንበር ሲመላለስ እንደሚውል እንድታውቅ ነው። ከተለየኸኝ ሰባት ወር ከዐሥር ቀን ሆነ። ዳዊቴን እንኳ ተቀምጬ መድገም ትቻለሁ፤ ቆሜ እጀምርና ሳልፈጽም ወደ ሣጥኔ እሄዳለሁ፤ ቁልፉን ዳስሼ እመለሳለሁ።

ቤትህ እንዳለ ነው፤ አንዳንዱ ግን ተለውጧል። ሚስትህ አልማዝ ወደ ፋብሪካው ፈረቃዋ ተመልሳለች። ለኳስ ልምምድ የምትደረድራቸው፣ አሸዋ የሞላሃቸው የዘይት ጀሪካኖች ከግቢው ጥግ ተነሥተዋል፤ ደመላሽ ወሰዳቸው። ከወለጋ ተፈናቅሎ በደብረ ብርሃን መጠለያ ከነቤተሰቡ የሚኖረው፣ አንተ ከድንጋይ ጫኝነት አምጥተህ መሐል ተከላካይ ያደረግኸው ያ ረጅሙ ሰው አሁን ቡድንህን ይዟል። አንተን «ኮች» ይልሃል። ቃሉን አልወደውም፤ ሲጠራው ድምፁ ዝቅ የሚለውን ግን እወድለታለሁ። ካንተ በኋላ ሦስት ጊዜ ተሸንፈዋል። የገበያው ሰው የመሪጌታ ልጅ ከሞተ ወዲህ አጥሩ ፈርሷል እያለ ሲተርበው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፋብሪካውም ሌላ አንድ ጊዜ ከተሸነፋችሁ ለቡድኑ የሚሰጠውን የልምምድ ሰዓት እንደሚያነሣ አስታውቆታል። ስለዚህ በመጣ ቁጥር ኮች የሚጽፍበት ደብተር አልተገኘም ወይ ይለኛል። አልተገኘም እለዋለሁ።

ደብተርህ እኔ ዘንድ ነው፣ ልጄ።

ሳትታመም በፊት አንድ ቀን ደጅ ትተኸው ሄደህ፣ ዝናብ እንዳይመታው ላስገባው አነሣሁት። ገለጥሁት። ክብ፣ በክቡ ውስጥ ቁጥር፣ የተጋደመ መስቀል፣ ከመስቀሉ የሚወረወር ቀስት፤ በየገጹ ራስ ላይ ደግሞ በባዕድ ፊደል አንድ ስም። አብረውኝ የተማሩ ሁለት ሰዎች ዕውቀታቸውን ወደ አስማት አዙረው በክታብ ላይ እንዲህ ያለ ክብና ስም ሲሥሉ አይቼ ነበር። እኔ እጄን ሳላስነካ ሸብቻለሁ፤ ልጄ በስተርጅናዬ የአጋንንት ስም ይጠራል ብዬ ደነገጥሁ። ጠበል ረጨሁበት፤ ቆለፍሁበት። ስትጠይቀኝ አላየሁም አልሁህ። በሐሰት የመሰከረውን ሁሉ ስገሥጽበት የኖርሁት ምላስ ነው ይህን የተናገረው።

ከዚያ ታመምህ። ስሙ በደብተርህ ገጾች ራስ ላይ የተጻፈውን የዚያን ስፔናዊ አሠልጣኝ ቡድን በቴሌቪዥን የምታይበትን እሑድ ታስታውሰዋለህ። ስሙን በዚህ አላሰፍርም፤ አጻጻፉን ያላረጋገጥሁትን ስም በወረቀት ላይ ማኖር ልማዴ አይደለም። ታሪኩን ግን ከአንተ አፍ ሰምቼ ይዤዋለሁ። ከትንሽ ከተማ የተነሣ፣ ቁመቱም ሩጫውም ያልተመሰገነለት ተከላካይ ነበር። እንዳንተ ጉልበቱን ተጎዳ። ከታላቁ ቡድን ወደ ታናሹ ወረደ፤ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ዓመታት ተቀመጠ። ተቀምጦ ግን ጨዋታውን ያነብ ነበር አልኸኝ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ሰው ረስቶት ሕፃናትን ሲያሠለጥን ከርሞ፣ በመጨረሻ ታላላቆቹ ራሳቸው ፈልገው ጠሩት። አንተም ጉልበትህ ከጨዋታ ባስቀረህ ዓመት አሠልጣኝ ልሁን ያልኸው እርሱን አይተህ ኖሯል።

እኔም እንደ ልማዴ ናቅሁት። በዕድሜው ጎል ያላገባ ሰው ምን ያስተምራል አልሁህ። ከትራስህ ቀና ብለህ፣ «አባባ፣ ሌላው ሲያነብ እርስዎ ከጎኑ ቆመው ምን ይሠራሉ?» አልኸኝ።

ሲስት አርመዋለሁ አልሁ።

«እሱም ያው ነው። ተከላካይ ማለት ስሕተቱ ሳይደርስ የሚሰማው ሰው ነው።»

ከዚያም በብርድ ልብስህ ላይ በጣትህ ሣልህልኝ። ክብ። የተጋደመ መስቀል። ቀስት። ክቡ የእኛ ሰው ነው፣ መስቀሉ የእነርሱ ነው፣ ደብተሬ ቢኖር ሁሉንም አሳይዎት ነበር አልኸኝ። ያን ጊዜ ሣጥኔ አልጋህ ሥር ነበረ፤ ደብተርህም ከጀርባህ በታች አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቆልፎበት ነበር። እኔ ግን ውሃ ላምጣልህ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖርህ፤ ኩራቴም በመካከላችን ተቀምጦ ከረመ።

ከአርባህ በኋላ ሣጥኑን ስከፍት ደግሞ ሌላ ጥፋት አገኘሁ። የረጨሁት ጠበል አንዱን ገጽ አጥቦት ነበር። ሰማያዊው ቀለም ፈስሶ በግራ በኩል ያሉት ክቦች፣ መስቀሎችና ቀስቶች ጠፍተዋል። መጽሐፍ ያበላሸ ሰው ሳያርም መመለስ እንደማይገባው የተማርሁ ነኝና፣ እንዲህ አድርጌ ልሰጠው አልቻልሁም። ልሰጠው አለመቻሌም ሌላ ዕረፍት ማጣት ሆነብኝ።

ስለዚህ የጠፋው ምን እንደ ነበር ለማወቅ በዕድሜዬ ያልሠራሁትን ሠራሁ። ከቅዳሴ መልስ ኳስ ወደሚያሳዩበት ቤት ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ጎረምሶቹ ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ፣ «መሪጌታ፣ የማን ደጋፊ ነዎት?» አለኝ፤ ላርም ነው የመጣሁት ብዬ ብመልስለት ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ የፊቱንም ወንበር ለቀቁልኝ። አራት እሑድ ተመላለስሁ። እነርሱ ኳሱን ሲከተሉ እኔ ኳስ የሌለባቸውን ሰዎች ተከተልሁ። ያንተን ሰውም አየሁት፤ ሽበት ጀምሮታል። ከመስመሩ ዳር ቆሞ መዳፉን ወደ ታች ጫን ጫን ያደርጋል፤ ዜማ ስንቸኩል የኔታ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። በዚያ ቀን ሳላስበው አመሰገንሁት።

አንዲት ቀስት ግን አልገኝ አለችኝ። ግራው ተከላካይ ወደፊት ሲወጣ መሐሉ ምን እንደሚያደርግ አልተገለጠልኝም። ወደ ሜዳው ሄጄ፣ ምክንያቱን ሳልነግረው ደመላሽን ጠየቅሁት። ላቡን እየጠረገ አይከተልም አለኝ፤ «ኮች ‹ቤት ባዶ ትተህ እንግዳ አትሸኝ› ይለን ነበር።» ይህ ያንተ ቃል እንደሆነ ሳውቅ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዞርሁ።

ቤት ተመልሼ ቀስቲቱን ሣልኋት። ክቦቹን በጥቁር፣ መስቀሎቹን በቀይ ቀለም አደስሁ፤ መስመሩም አልሳተም።

ትናንት ለአልማዝ ነገርኋት። ጉልበቷን አቅፋ ሰማችኝ። ይቅርታ የምታደርግልኝ መስሎኝ ነበር፤ አላደረገችም። «ፍራሽ ተርትሬ የፈለግሁት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለችኝ። «እየፈለግሁ አይተውኝ ዝም አሉ። አሁን ለእኔ አይንገሩኝ፤ ለሚሠራበት ይስጡት።» ተነሥታ ወደ ፈረቃዋ ሄደች። እውነቷን ነው። ይህን የጻፍሁልህም እንድታሳርፈኝ አይደለም፤ ካንተ ፊት ሳልናዘዝ ከደመላሽ ፊት መቆም ስለማይገባኝ ነው።

ቀድሞ ጸሐፊ መጽሐፉን ሲፈጽም የጻፈውንና ያጻፈውን ስም በመጨረሻው ቅጠል ያሰፍራል። እኔም በደብተርህ መጨረሻ ይህን ጻፍሁ፦ የጻፈው ሥዩም፤ የደበቀው፣ ያበላሸውና ያረመው አባቱ። አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱንም በጸሎትህ አስብ።

እኔም አንተን የማስብበትን መንገድ ወስኛለሁ። በሕይወት እስካለሁ ቡድንህ በተጫወተበት ቀን ሁሉ ከሜዳው ዳር እቆማለሁ፤ ስሕተቱ ሳይደርስ ይሰማኝ እንደሆነ አዳምጣለሁ።

ነገ ጠዋት ደብተርህን በገዛ እጄ ለደመላሽ እሰጣለሁ። ስሰጠውም አልጠፋም ነበር፣ እኔ ቆልፌበት ነው እለዋለሁ፤ ቢቆጣም ቆሜ እሰማዋለሁ። የሣጥኑን ቁልፍ ለአልማዝ እሰጣታለሁ።

አባትህ