ትንሹ መሪ

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ይህን መጻፍ ነውር ነው መሰለኝ... ግን ማንም አያነበውም። አባባ ከታመመ ወዲህ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ቤት ይውላል። ያወራኛል። ድሮ ከጋራዥ ሲመጣ ቀለም ቀለም እየሸተተ ይበላና በቀጥታ ወደ ጓሮ፣ ወደ መኪናዋ ነበር። አሁን መኪናዋን አብረን ነው የምናያት። ሰው አባቱ ታሞ ደስ ይለዋል? ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ዛሬ ሥራ ቦታ ሦስት የሾፌር ወንበር አለበስኩ። ትምህርት ካቋረጥኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ግን ተስማምቶኛል። ቆዳ ምንም አይጠይቀኝም። መርፌው ይሄዳል፣ እኔ እከተለዋለሁ።

ስመለስ አባባ ጓሮ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጧል። ባለ ሁለት ወንበር የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ያልበሰለ ሎሚ የመሰለች። ጎማዎቿ ወልቀው በአራት የእንጨት ጉማጅ ላይ ቆማለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮዋን እያቃና፣ እየቀባ እዚህ አደረሳት። ልታልቅ ሁለት ወር ሲቀራት ስትሮኩ መጣና ግራ እጁን ያዘው።

ግራ እጁን መሪው ላይ ያስቀምጣል። እጁ ይንሸራተታል። መልሶ ያስቀምጣል። ይንሸራተታል። እንዳላየ ሆኜ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

እማዬ መኪናዋን “ጣውንቴ” ነው የምትላት። ዛሬ ቁርስ ላይም፦

“ጣውንቴ እንዴት አደረች?”

አባባ ሳቀ። በሚሠራው በኩል ባለው ከንፈሩ። “ቅናትሽ መቼ ነው የሚወጣልሽ?” አላት።

“ምኗ ያስቀናኛል? አሥራ አንድ ዓመት ስታሽሞነሙናት አንድ ቀን እንኳ ከግቢ አላወጣሃትም። እኔን ቢያንስ ለሰርጋችን አውጥተኸኛል።”

ሳቅን። ከዚያ እሱ “አወጣታለሁ” አለ። “አንቺን አጠገቤ አስቀምጬ። ከግቢ እንወጣና ከኋላ ያለውን ሜዳ አንድ ጊዜ እንዞራለን። አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

እማዬ ሳህን እንደያዘች ቆመች። “በየትኛው እጅህ?” አላለችም። ግን ሁላችንም ሰማነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

እጁን የምታሠራው ሲስተር ጥምቀት ነው ሳትል መጣች። ትንሽ የጎማ ኳስ ሰጥታዋለች፤ በግራ እጁ እየጨመቀ ይቆጥራል። ስልሳ ላይ ይደክመዋል። ቀጭን ነገር ጣቶቹ እንደማያገኙት፣ ወፍራም ነገር እንደሚሻለው ነገረችን።

ጋሼ ቡሎንም ነበሩ። የአባባ ጓደኛ፣ መካኒኩ። ኪሳቸው ቡሎን ጠፍቶበት ስለማያውቅ ነው ስማቸው። “እንግዲያው መሪውን ነዋ የምንቀይረው!” አሉ። “ይሄ አብሯት የመጣው ቀጭን እንጨት ነው። ወፍራም፣ ቆዳ የለበሰ መሪ ሞልቷል። ማገናኛውን እኔ እፈልጋለሁ።”

አባባ ወደ እኔ ጠቆመ። “እሷ ትምረጥልኝ። ቆዳ የምታውቅ እሷ ናት።”

“እሜቴ ዝምታ?” አሉ ጋሼ ቡሎን። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። “ትምረጥ፣ ትምረጥ። ብቻ ሱቅ ስትሄዱ አፏንም ይዛ ትምጣ።”

ፊቴ ጋለ። ግን እኔ ልምረጥ አለ... እኔ! ይህን ደስታ የት ላድርገው?

ረቡዕ፣ ጥር 15

ከሥራ አስፈቅጄ ከአባባ ጋር ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። በአውቶቡስ። አንድ ክንዱን ለከዘራው፣ አንዱን ለእኔ።

ግድግዳው ሙሉ መሪ ነው። ሌላ ምንም የለም፣ መሪ ብቻ። ባለ ሁለት ክንድ፣ ባለ ሦስት ክንድ፣ መሐሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የገባ፣ ዝርግ፣ የተበሳሳ። እኔ ስፌታቸውን ነው የማየው። አንዱ ያምራል ግን ክሩ ቀጭን ነው፣ ዓመት አይቆይም። አንዱ ስፌት ሳይሆን ማስቲሽ ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ደግሞ ቀጭን ናቸው፣ ልክ እንደ አሮጌው። አባባ በግራው ሲይዛቸው እጁ ይሸሻል።

ከዚያ አንዱን አወረድኩ። ትንሽ ነው። ዳር እስከ ዳር ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር፤ የእኛው አርባ ነው። ግን ወፍራም፣ ለስላሳ ጥቁር ቆዳ፣ ስፌቱ በውስጥ በኩል። ሰጠሁት። ጣቶቹ ዞሩ... ዞሩና ገጠሙ። አውራ ጣቱ ሌሎቹን ነካ።

“ያዘ!” አለ። “አየሽ? ያዘ እኮ!” ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ያን ጊዜ ባለ ሱቋ ጠሩኝ። መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴትዮ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

“ለአባትሽ ነው፣ የኔ ልጅ? መኪናው የድሮ ነው አላላችሁም? እንግዲህ መሪውን የሚያግዝ ነገር የለውም፣ ሁሉም በክንድ ነው። መሪ ባነሰ ቁጥር ይከብዳል። እዚህ መያዝ ሌላ፣ ጎማው መሬት ረግጦ ማዞር ሌላ። በዚህ እጃቸው አይችሉትም። ትልቁን ውሰዱና ስፖንጅ ጠቅልሎ ቆዳ የሚያለብስላችሁ ሰው ፈልጉ።”

ያ ሰው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ይበቃኛል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን አባባ መስኮቱ ጋ ለአንድ የማያውቀው ሰውዬ “ልጄ ናት የመረጠችልኝ” ሲል ሰማሁ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ስለ እኔ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ለሴትዮዋ ራሴን ነቀነቅኩ። እነግረዋለሁ ማለቴ መሰላቸው።

ትንሹን ይዘን መጣን። አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ጋሼ ቡሎን ገጠሙት። አባባ ገብቶ ተቀመጠና አዞረው። በግራው ብቻ። ከዚያ በአንድ ጣት! ወደዚህ ሽር፣ ወደዚያ ሽር። እማዬ እያጨበጨበች አለቀሰች።

መኪናዋ ጉማጅ ላይ ናት እኮ። ጎማ የላትም። አየር ላይ ለማን አይዞርም?

አባባ እንዴት ጠፋው? ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ የዋለ ሰው... ምናልባት አልጠፋውም። ምናልባት ማሰብ አልፈለገም።

ጋሼ ቡሎን ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ጠጋ ብለው “አንቺ፣ ትንሽ አልሆነም? አይከብደውም?” አሉኝ። “አባባ ሞክሮታል” አልኩ። ሁለት ቃል። “እንግዲህ ልኩን እሱ ያውቃል” አሉና ሄዱ።

ሰኞ፣ ጥር 20

አባባ ዛሬ ኳሱን ሁለት መቶ ጊዜ ጨመቀ።

ዓርብ፣ ጥር 24

ነገ ጎማ ይገባል።

ጫማውን እያስወለቅኩለት “አባባ” አልኩት።

“ወዬ።”

“...ሻይ ላምጣልህ?”

“አምጪ የኔ ልጅ።”

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ጋሼ ቡሎን ጎማዎቹን ከተቱ፣ ጉማጆቹን አንድ በአንድ አወጡ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ መሬት ነካች። ጎረቤት ሁሉ መጥቷል፤ አሥራ አንድ ዓመት የመዶሻውን ድምፅ የሰማ ሁሉ። እማዬ አዲስ ሻሽ አስራለች። በሩን ከፍታ ስትገባ “ጣውንቴ፣ እስቲ ፈቀቅ በይልኝ” አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ሞተሩ ተነሣ። አባባ ወደ እኔ አይቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። መኪናዋ ትንሽ ተራመደች። የግቢው በር ጋ ለመድረስ ወደ ግራ በደንብ መጠምዘዝ አለበት። ጠመዘዘ... መሪው እምቢ አለ። በሁለት እጁ ታገለው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ጥቂት ዞረ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ቀኝ እጁን ወደ ማርሽ ወሰደ፤ ግራው ብቻውን ቀረ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ነው የለቀቁት። ትንሿ። ከዚያ ቀጣይዋ። ከዚያ... መሪው ተፈትልኮ ተመለሰ። የመኪናዋ አፍንጫ ከግቢው ግንብ ጋር ተፋተገ። ያ ድምፅ!

እማዬ እጇን ዘርግታ መሪውን ያዘች። ልታግዘው። “ተይው” አላት። ጮክ ብሎ አይደለም። ሞተሩን አጠፋ።

ጎረቤቶች ምክንያት ፈለጉ። አንዷ ልብስ አስጥቼ ነበር አለች። አንዱ ያልጠራ ስልክ አነሣ። አባባ ወርዶ ወደ ቤት ገባ። ግራ እጁን በቀኙ ይዞ፣ የሰው ዕቃ እንደተሸከመ።

እማዬ ግን እዚያው ተቀምጣ ቀረች። ሻሿን አልፈታችም። ወደ ፊት ታያለች። ፊት ለፊቷ ግንብ ነው።

እኔ አውቅ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 26

እማዬ ሻሹን አጥባ አሰጣችው። ንጹሕ ነበር እኮ።

ረቡዕ፣ ጥር 29

ጋሼ ቡሎን መጡ። ቀልድ የለም። “ስማኝ ወንድሜ፣ እጅህ አይደለም። መሪው ነው፣ አነሰ። ትልቅ እናስገባለታለን” አሉት።

“አታባብለኝ” አለ አባባ።

“ማባበል አይደለም...”

“ስትገጥመው ለምን አላልከኝም? አሁን ጉድ ከሆንኩ በኋላ ነው መሪው ያነሰው? በሽተኛ ነኝ፣ ሕፃን ግን አይደለሁም።”

ጋሼ ቡሎን ወደ እኔ አዩ። እኔ መሬት አየሁ።

“ውሰዳት” አለ አባባ። “ለሚነዳት ሰው ስጣት። እዚህ ቆማ አትየኝ።”

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ወሰዷት። በገመድ እየተጎተተች። ጋሼ ቡሎን ራሳቸው መሪውን ይዘው ከግቢ አወጧት። ላብ በላብ ሆነው፣ ትከሻቸውን እያስገቡ። ጤነኛው ሰውዬ! ያኔ መጮህ ነበረብኝ፦ አባባ፣ ና እያቸው፣ ለእሳቸውም ከበዳቸው!

አባባ ግን መስኮቱን ዘግቶ ነበር። እኔም አልጮህኩም።

ግንቡ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀርቷል። እማዬ በውኃ አሸችው፣ አልለቀቀም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ሲስተር መጥታ እጁን ጠየቀችው። ከኪሱ አላወጣውም። “ሞቷል፣ ተዪው” አላት። ኳሱን ከነካ አሥር ቀን ሆኖታል። ስትወጣ በር ላይ ለእኔና ለእማዬ ነገረችን። ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ይህን መጀመሪያም ብላናለች። ግን ማንኪያ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ይችል ነበር። አሁን ካቆመ ጣቶቹ እንደታጠፉ ይደርቃሉ። “የሚሰማው ሰው ያናግረው” አለች። እማዬ አናገረችው፤ ዞሮ ተኛ።

ከዚያ እኔ ውኃ ይዤለት ገባሁ። ዕንባዬን አየ።

“ነይ እዚህ” አለኝ። “በመሪው ነው የምታለቅሺው? ስሚኝ። ምርጫሽ ልክ ነበር። ጥሩ መሪ ነው የመረጥሽልኝ። ጥፋቱ የእጄ ነው፣ የአንቺ አይደለም። እሺ?”

“እሺ” አልኩ።

እሺ! እንዴት እሺ እላለሁ? ሌላ ቃል የለኝም?

ጋሼ ቡሎንን ያላመናቸው ነገሩ ከሆነ በኋላ ስለተናገሩ ነው። ባለ ሱቋ ግን ከመሆኑ በፊት ነው የተናገሩት። ሊያባብሉት አልነበረም፣ አያውቁትም። ያንን የሰማሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ዝም ካልኩ አባባ “እጄ ሞተ” እንዳለ ይኖራል። ከነገርኩት ደግሞ... ያን ቀን መስኮቱ ጋ የነበረው ድምፅ ያበቃል። “ልጄ ናት የመረጠችልኝ” አይልም። እያወቅኩ እማዬን አጠገቡ አስቀምጬ ግንብ ላይ ሰደድኩት። ሰው ሁሉ ፊት። መኪናዋም አትመለስም። ምንም የሚመለስ የለም፣ ከእነዚያ ጣቶች በቀር። እነሱም ከፈቀደ ነው።

ነገ ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ እማዬ ባለችበት ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ሴትዮዋ ያሉኝን አንድም ቃል ሳልቀንስ እነግረዋለሁ። ጋሼ ቡሎን የጠየቁኝን፣ እኔ የመለስኩትን። ባለቅስም አላቆምም። ይቆጣ። ይጥላኝ። አባባ መትቶኝ አያውቅም... ነገ ከመታኝ ግን፣ በግራው ይሁን።