ዝም ያሉት ስልሳ አራት ሳጥኖች

ኖቬምበር 4

የሦስት የጨው መለኪያ ሳጥን ባትሪ ቀየርኩ። በጀልባ ሄጄ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቼ። አምስት ዓመት ይቆያል የተባለው ባትሪ ዓመት ከሁለት ወር ቢሆነው ነው። የድሮው የስልክ ኔትወርክ እየደከመ ሄዷል... ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው ይውላል፣ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። ስልሳ አራት ሳጥን፣ አንድ እኔ።

እራት ላይ ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ኩዌ ብቅ አለች! በጎረቤት ወረዳ የተከለቻቸው የጨው መለኪያዎች በሰባት ዓመት አንዴም አልተቋረጡም አሉ። ገበሬዎቹ ከበዋት ይስቃሉ። ጸጉሯን ተቆርጣለች። ያምርባታል። ዓሣውን ሳልጨርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ።

ኖቬምበር 5

ቢሮ ሁሉ የሚያወራው ስለሷ። አለቃችን ታን ሳይቀር። «ሉየን፣ ጓደኛሽን አየሻት?»

አየኋት።

ሰባት ዓመት ሆነ... አንድ ቢሮ ነበርን። ባሕሩ ወደ ወንዙ ሲገባ ለገበሬው በስልክ የሚያስጠነቅቅ ሳጥን ይመረጥ ተባለ። ሁለታችንም ሃሳብ አቀረብን። የሷ በአዲሱ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ዋጋው እጥፍ። «የመግዣውን ብቻ አትዩ» አለች። «የድሮው ኔትወርክ አንድ ቀን ይዘጋል። ያን ቀን ማን እየዞረ ይቀይረዋል?»

እኔ ምን አልኩ? «ኩዌ፣ እስከዚያ ጡረታ እንወጣለን!» ሰው በሳቅ ፈረሰ። አሸነፍኩ። ሽልማትም ተሰጠኝ። እሷ ተዛወረች።

ኖቬምበር 19

ከስልክ ድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። በእኔ ስም። የድሮው ኔትወርክ በአካባቢያችን ጃንዋሪ 15 ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ነገ ለታን እነግረዋለሁ።

ዲሴምበር 2

አልነገርኩትም። ዛሬ ራሱ ጠየቀኝ፦ «ባትሪው አስቸገረሽ መሰለኝ። ኩዌን ጠርተን ብናማክራትስ?»

«ምን በወጣት! እኔ እበቃለሁ» አልኩ። ቶሎ። በጣም ቶሎ።

ዲሴምበር 21

ምን ነካኝ? በእረፍቴ ቀን ሞተር ሳይክሌን አስነስቼ ወደ ሷ ሳጥኖች ሄድኩ። እንደ ሌባ። የአንዱን በር ከፍቼ አየሁ። ኔትወርክ የሚይዘው ክፍል ብቻውን ተነቅሎ ይቀየራል። ሁለት ብሎን ብቻ። የኔ ግን ከሳጥኑ ሆድ ጋር የተበየደ ነው... ሙሉ ሳጥኑን ካልጣሉት አይሆንም።

እንከን ፈለግኩ። አጣሁ። አንዲት ሴትዮ ከጓሮዋ ጮኸችብኝ፦ «አንቺ! የኩዌን ዕቃ አትንኪ!» የኩዌን ዕቃ... የኔን ሳጥን የሉየን ዕቃ ያለ ሰው አለ?

ጃንዋሪ 15

ረፋድ ላይ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ ጠፉ። ከሰዓት በኋላ ስልሳ አራቱም።

ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት በጀልባ እየዞርኩ በእጄ እለካለሁ። ጨው የሚገባው በጨረቃ ከሚቆጠረው አዲስ ዓመታችን በኋላ ነው፣ እደርሳለሁ።

ጃንዋሪ 27

አልደረስኩም።

ዘንድሮ ጨው ቀድሞ ገባ። ሰው ሁሉ አጎት የሚላቸው ችግኝ ሻጭ፣ አጎት ባይ፣ ሁለት ሺህ ዱሪያን የሚባለው ፍሬ ችግኝ ለአዲስ ዓመት ገበያ አሰናድተው ነበር። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ከቦዩ አጠጡ። ዛሬ ስደርስ ቅጠሉ ከጫፉ ነዷል። እሳት የገባበት ይመስላል።

«አጎቴ፣ ሳይቀምሱት ያጠጡታል?» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ባልዲውን አስቀመጡ። አልጮኹም። «መልእክት አልመጣማ፣ ልጄ። መልእክት ካልመጣ ውሃው ደህና ነው ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።»

ጃንዋሪ 28

ደብዳቤውን አውጥቼ ታን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ቀኑን አየ። እኔን አየ። «ሁለት ወር ሙሉ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ምን ልበለው? ኩዌ ልክ ነበረች ላለማለት... አልኩት። ልክ በዚህ ቃል። ከኃላፊነቴ አነሳኝ። ከዚያ እዚያው ፊት ለፊቴ ስልኩን አንስቶ ደወለላት።

ጃንዋሪ 30

መጣች። ሃያ መጠባበቂያ ሳጥን በጀልባ ጭና። ጨው ቶሎ የሚገባባቸው የቦይ በሮች ላይ አብረን ተከልን። ከጠዋት ጀምሮ የምታወራኝ ስለ ብሎንና ስለ ሽቦ ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛው ሳጥን ላይ ብሎን እያጠበቀች፦ «ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

«እስቅ ነበር» አለች። «በደንብ አድርጌ። ግን ስቄ እመጣ ነበር።»

አሥራ ሁለተኛውን ሳጥን ከጀልባው አወረድኩ።

ፌብሩዋሪ 20

እሁድ እሁድ አጎት ባይ ጋ አዲስ ችግኝ ሳዳቅል እውላለሁ። አላባረሩኝም። አላናገሩኝምም። ዛሬ ቢላዋውን ከእጄ ነጥቀው፦ «እንዲህ ነው የሚያዘው!» አሉኝ። ይሄም ንግግር ነው።

ማርች 12

ለቀሩት አርባ አራት ሳጥኖች ስብሰባ ነበር። አንድ ሻጭ መጣ፣ ሽቶው ከሩቅ ይጣራል። ሳጥኑ ርካሽ፣ የኔትወርክ ክፍሉ የተበየደ። ታን ዋጋውን ሲያይ ፊቱ በራ። ኩዌ በወረዳዋ ሥራ ይዟት አልመጣችም። ዝም ብል ያልፍ ነበር... የሷ ሃሳብ ወድቆ ለማየት ሰባት ዓመት የጠበቅኩ ሰው።

ተነሳሁ። «ይሄም ኔትወርክ አንድ ቀን ይዘጋል» አልኩ። «እስከዚያ ጡረታ እንወጣለን ያልኩት እኔ ነኝ። የአጎት ባይን ችግኝ የገደልኩትም እኔ ነኝ።» ክፍሉ ተነቅሎ የሚቀየረው ይገዛ አልኩ። ውሃው ደህና በሆነም ቀን ጠዋት ጠዋት መልእክት ይላክ፣ ዝምታን ማንም እንደ ደህንነት እንዳይቆጥረው አልኩ። ማንም አልሳቀም።

አለፈ። መዝገቡ ላይ «የኩዌ ሃሳብ» ተብሎ ተጻፈ። ደረቴ ውስጥ ያቺ የማውቃት ነገር ተነሳች። ግን ከአዳራሹ እንደወጣሁ መጀመሪያ የደወልኩት ለሷ ነው።

«ያንቺ አለፈ።»

«ማን ተናገረለት?» አለች።

«እኔ።»

«ውይ ሉየን... አልቀናሽም?»

«አንጀቴ እያረረ ነው የምነግርሽ።»

ሳቋ ስልኩን ሞላው። እኔም ሳቅኩ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቀሩትን ቦታዎች ልናይ ጀልባው ጋ እንገናኛለን። የመፍቻ ቦርሳዋን እኔ እይዛለሁ።