ድምፁ የተዘጋ ጃዝ

ግርምዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሰባት ቀን ሆነ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ቅዳሜ አውጥተን ጥቁሬን አወለቅኩ። ስንት ዓመት የተጨቃጨቅክበትን የመታጠቢያ ቤት መስኮት አከራያችን ካውንስሉ አሁን ጠገነው። አንተ እስክትሄድ ይጠብቁ ነበር መሰለኝ። የዘበኝነት ካፖርትህን በሩን የምትጠብቅላቸው የባተርሲ ሕንፃ አለቆችህ በደብዳቤ ጠይቀውኝ ላክሁላቸው። ክላርኔትህን የጠየቀኝ የለም፤ አልጋው ሥር አለ።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ዓመቱን ሙሉ ፊልሞችህን ሳይ ነበር። እነዚያን ከቴሌቪዥን በካሴት የቀዳሃቸውን፣ የድሮ ጥቁር አሜሪካውያን ጃዝ የሚጫወቱባቸውን፣ አስር ደቂቃ እንኳ የማይሞሉትን። ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትምና ድምፁን ፈጽሜ ዘግቼ፣ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። በር ሲንኳኳ ቶሎ አጠፋለሁ። ድምፅ ከሌለው ሐዘን አላፈረስኩም እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በሕይወት ሳለህ ከልቤ አይቻቸው አላውቅም። በአንዱ ፊልም ላይ ያንን ክላርኔት የሚነፋውን ሰውዬ የአሽከር ልብስ ማልበሳቸው ያናድደኝ ነበር። አንተ ግን፣ ሀገር ቤት ክላርኔት ስትነፋ ኖረህ እዚህ የሰው በር ጠባቂ የሆንከው፣ ካፖርትህን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና ልብሱን ተዪው፣ ጣቶቹን እዪ ትለኝ ነበር። በቀኝ እግርህ ወለሉን እየመታህ፣ ታች ያሉት ሚስ ፐርል በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እስኪደበድቡ ድረስ። እኔ ደግሞ በጎረቤት ፊት አታዋርደኝ እያልኩ እነጫነጭብህ ነበር። ይቅር በለኝ።

አሁን ጣቶቹን አየሁልህ። ሳቁንም አየሁት፤ ካሜራው ወደ ሌላው ሲዞር ከፊቱ ላይ ቶሎ ይጠፋል። አንተም በር ስትከፍትላቸው የምትስቀው እንደዚያ ነበር? ያ ሁሉ ሰው ጉንጩን ነፍቶ ሲጫወት ቤቱ ጭር ይላል። እነዚህ ሁሉ ሞተዋል እላለሁ። ከዚያ ከኋላ ከተቀመጡት መካከል አንተን እፈልጋለሁ።

በፍልሰታ ሚስ ፐርል መጥተው አንኳኩ። አጥፍቼ ከፈትኩ። ሊቆጡ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ የባልሽን እግር እሰማለሁ፣ ሙዚቃው ግን አይሰማኝም አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊልሙን ከፍቼ ጆሮዬን ጣልኩ። መጣ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ከወንበርህ ሥር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወለሉን የሚመታው የራሴ ቀኝ እግር ነው። ግርምዬ፣ ጆሮዬ ያልሰማውን ምት እግሬ ከየት አወቀው? ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ የሚመታው እኔ ልሁን አንተ ሳላውቅ ነው የከረምኩት።

ጥቁሬን ስላወለቅኩ ድምፁን መክፈት እችል ነበር። ድምፁ ሲመጣ አንተ የምትሄድ እየመሰለኝ ሳምንቱን ሙሉ ፈራሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቆረጥኩ። የምመታው እኔ እንዳልሆን ሁለቱንም እግሮቼን ወንበሩ ላይ ሰብስቤ፣ በሻሽ ሸፍኜ፣ ለራሴ እንኳ በጭንቅ እስኪሰማኝ ድምፁን ትንሽ ከፈትኩት። ክላርኔቱ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ሚስ ፐርል ከታች በመጥረጊያ እንጨታቸው ጣሪያቸውን ይመቱ ጀመር፣ እንደ ድሮው። የእኔ እግሮች ግን ወንበሩ ላይ እንደተሰበሰቡ ነበሩ።

አልቅሼ ሳበቃ ይህን ጻፍኩልህ። አልረሳህም። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍትልሃለሁ፤ ወንበርህን እለቅልህና እኔ ከጎን እቀመጣለሁ።

ያንተዋ አስቴር